ያልተዘለለው ገጽ

አንድ ጫማ ሰፊ ነበር። መርካቶ ውስጥ፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል፣ ከሌሎች አምስት ሰዎች ጋር ይሠራል። ስሙን ዘርጋው እንበለው።

ይህ ሰው ጫማ ሰፊ ይባል እንጂ ከምሳ በኋላ ወስፌ አይነካም። ያነባል። የክፍሏ ደንብ እንዲህ ነው፤ መዶሻ የሚያስፈልገውን ሥራ ሁሉ ጠዋት ይጨርሱታል፤ ለከሰዓት የሚቀረው ክርና ማስቲሽ ብቻ፣ ድምፅ የሌለው ሥራ ነው። ከሰባት ሰዓት ጀምሮ ዘርጋው በሩ አጠገብ ባለችው ወንበር ላይ ይቀመጥና ልቦለድ ጮክ ብሎ ያነባል። የእሱን ድርሻ ጫማ አምስቱ ተከፋፍለው ይሰፉለታል።

አስቡት እስቲ! ሁሉም ለዕለት ጉርሱ በሚሯሯጥበት ሰፈር፣ አንድ ሰው እንዲያነብላቸው ብለው አምስት ሰዎች ሥራውን ይሠሩለታል። የዚያች ወንበር ክብር ቀላል አልነበረም። ዘርጋውም ያውቀዋል። ሰፈር ውስጥ ሲያልፍ «አንባቢው መጣ» ሲባል ይሰማል፤ ያልሰማ መስሎ ያልፋል፤ ግን አንገቱ ትንሽ ቀና ይላል።

ታዲያ ምን ያነብ ነበር? ደም ነዋ! መንገድ ዳር መጽሐፍ የሚያከራየው ሰውዬ ገና ከሩቅ ሲያየው «ና፣ ና፣ ሰባት ሰው የሚሞትበት መጥቶልሃል!» ይለዋል። ጓደኞቹ የፍቅር መጽሐፍ ይዘህ ና ሲሉት «ሰው ካልሞተበት ምኑ ተነበበ?» ይላቸዋል።

ደግሞም ይችልበታል። ሞት ሲቃረብ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ይቆማል። ምራቁን ይውጣል። ገጹን የሚገልጠው ቀስ ብሎ ነው። ያኔ ክፍሏ ውስጥ ያለ ወስፌ ሁሉ ይቆማል።

አንድ ቀን አንዲት ሕፃን ጉድጓድ ገብታ የምትሞትበትን ታሪክ አነበበ። እንዴት አድርጎ አነበበው መሰላችሁ! ቀልድ የማያልቅበት ነስሩ እንኳ አቀርቅሮ ቀረ። ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡት ጋሽ ባይሳ ደግሞ የያዙትን ጫማ አስቀመጡና ተነስተው ወጡ።

ጋሽ ባይሳ አንድ ልጅ ነበራቸው። በስምንት ዓመቱ ሞቷል። ክፍሏ ውስጥ ያሉ ሁሉ ያውቃሉ፤ ማንም አያነሳውም፤ እሳቸውም አንስተውት አያውቁም። ዘርጋውም ያውቅ ነበር። ግን እንዴት ነበር የሚያውቀው? እንደ ወሬ። ሰው የሌላ ከተማ ዝናብ በሬዲዮ እንደሚሰማ። ስለዚህ ጋሽ ባይሳ ሲወጡ ሲያይ ምን አለ? በልቡ «ዛሬስ አስወጣኋቸው!» አለ። ኮራ።

ወገኖቼ፣ ይህችን ኩራት ያዙልኝ። እንመለስባታለን።

ከዚያ ዘርጋው ልጅ ወለደ። ሴት ልጅ። ትርሲት አላት።

በተወለደች በሦስተኛው ሳምንት መጽሐፍ አከራዩ ጋ ሄደ። ሰውየው እንደ ልማዱ አንዱን መርጦ አስቀምጦለታል፤ «ገና በመጀመሪያው ገጽ ነው የሚጀምረው!» አለው። ዘርጋው ገለጠው። በመጀመሪያው ገጽ ላይ አንድ ወጣት ተወግቶ መንገድ ላይ ወድቋል። ድሮ ቢሆን «ማን ወጋው?» ብሎ ይሮጥ ነበር። አሁን ግን አንድ ሌላ ጥያቄ መጣበት፤ የዚህ ልጅ እናት አሁን የት ነች? መጽሐፉ ደግሞ ስለ እናቱ አንድ ቃል አይልም። አጠፈና መለሰለት።

«ምነው? አነበብከው እንዴ?»

«አይ… ሌላ የለህም?»

ሌላውንም መለሰ። ሦስተኛውንም መለሰ። ያን ቀን ባዶ እጁን ገባ። በማግስቱ ወንበሯ ላይ ሲቀመጥ ከኪሱ ያወጣው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ባለቤቱ ከጤና ጣቢያ ያመጣችውን ስለ ሕፃናት አያያዝ የሚያስተምር ቀጭን መጽሐፍ! ሁለት ሳምንት ሙሉ እሱን አነበበላቸው። ስለ ክብደት፣ ስለ ክትባት፣ ስለ ጥርስ። ጢማቸው የሸበተ አምስት ሰዎች ቆዳ ይዘው ቁጭ ብለው ሕፃን እንዴት እንደሚያገሳ ይሰማሉ።

በመጨረሻ ነስሩ ወስፌውን አስቀመጠ።

«ጋሽ ደግፌ፣ ጡት ማጥባቱን በደንብ ተምረናል። ወተቱን ከየት እናምጣ?»

ሳቁ ግድግዳውን ነቀነቀው። የክፍሏ ባለቤት ጋሽ ደግፌ ግን አልሳቁም። «ስማ ልጄ» አሉ። «በልጅህ ደስ ይበልህ፤ እኛም ደስ ብሎናል። ግን ያንተን ጫማ የምንሰፋው ልቦለድ ለመስማት ነው። ከሰኞ ጀምሮ ወይ ደህና መጽሐፍ ይዘህ ትመጣለህ፣ ወይ ወስፌህን ይዘህ ከእኛ ጋር ትቀመጣለህ።»

ዘርጋው ፈራ። ወንበሯን ሊያጣ ነው። አስቦ አስቦ በተማሪነቱ የወደደው አንድ ወፍራም ልቦለድ ትዝ አለው፤ ስለ አንድ የወፍጮ ቤት ባለቤትና ስለ ቤተሰቡ። ነፍስ ገዳይ የለበትም፣ ሽፍታ የለበትም። ካሳዬ የሚባል ትንሽ ልጃቸው መሃል ላይ ታሞ እንደሚሞት ያስታውሳል፤ ግን አንድ ገጽ ናት። ያኔ ሻይ በዳቦ እየበላ ነው ያለፋት። አንድ ገጽ ምን ታደርገኛለች አለ።

ማንበብ ጀመረ። ሰዎቹ ወደዱት። ይልቁንም ካሳዬን ወደዱት። ዱቄት ፊቱ ላይ ተቀብቶ እንግዳ የሚያስደነግጠውን፣ ከአህያው ጋር የሚነጋገረውን። ጠዋት ሲገናኙ «ካሳዬ ምን ሠርቶ ይሆን ዛሬ?» ይባባላሉ፣ የጎረቤት ልጅ ይመስል።

ገጽ መቶ ስልሳ ሁለት ላይ ደረሰ። በዚያ ሳምንት ትርሲት ክትባት ተወግታ ትንሽ አተኩሷት ነበር። ሌላ ምንም አልነበረም። ግን ያን ትኩሳት በመዳፉ ያውቀዋል፤ ዛሬ ጠዋት እንኳ ግንባሯን ነክቶ ነው የወጣው። ካሳዬም አተኮሰው። እናቱ አጠገቡ ተቀመጠች። ዘርጋው ዐይኑ ከአፉ ቀድሞ ሲወርድ የሚቀጥለውን መስመር አየ። ጋሽ ባይሳ የያዙትን ጫማ አስቀምጠው ተነስተዋል፤ እጃቸው በሩ ላይ ነው።

ዘርጋው አፉን ከፈተ፤ እንዲህም አለ፦ «ካሳዬ ዐይኑን ገለጠ። ‹እማዬ፣ ውሃ› አለ።»

አምስት ሰዎች ተነፈሱ። ጋሽ ባይሳ ተመልሰው ተቀመጡ።

መጽሐፉ ውስጥ ግን ካሳዬ ዐይኑን አልገለጠም ነበር።

እንግዲህ ውሸት አንድ ጊዜ ከተጀመረች መቼ ዝም ብላ ትቀመጣለች? በሚቀጥለው ምዕራፍ የካሳዬ እናት ጥቁር ለብሳለች። ዘርጋው «አጎቷ ሞተው ነው» ብሎ ጨመረበት። በሚቀጥለውም ጥቁር ናት። በሚቀጥለውም።

«ይህ አጎት ደግሞ» አለ ነስሩ፣ «ሦስት ምዕራፍ ሙሉ ያስለቅሳት ዘንድ ምን አውርሷት ነው?»

አባትየው ወፍጮ ቤቱን ሸጠ። ለምን ሸጠ? መጽሐፉ ውስጥ የሸጠው የልጁን የእግር ዱካ በዱቄቱ ላይ ማየት ስላቃተው ነው። ዘርጋው «ካሳዬን ከተማ ልኮ ለማስተማር» አለ። ሰዎቹ አጨበጨቡ። «ይሄ ነው አባት!» አሉ። ዘርጋው ግን ላብ አጠመቀው። ዘጠኝ ቀን ሙሉ አንድ የሞተ ልጅ በገዛ ምላሱ ሕያው አድርጎ አቆየ። በመጨረሻም ጨረሰው። ክፍሏ ውስጥ እንዲህ የተወደደ መጽሐፍ ኖሮ አያውቅም።

ችግሩ፣ በጣም ተወደደ። ነስሩ ለሚስቱ ሊያነብላት ራሱ ሄዶ ተከራየው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ጣቱን ገጽ መቶ ስልሳ ሁለት ላይ እንዳስገባ መጣ። ቀልድ ፊቱ ላይ የለም።

«ሞቷል» አለ።

«ማን?» አሉ ጋሽ ደግፌ።

«ካሳዬ። ሞቷል። እዚህ ተጽፏል። አጎት የሚባልም የለም። ይሄ ሰውዬ ሲዋሸን ነው የከረመው!»

መዶሻዎቹ ሁሉ ቆሙ። ዘርጋው አልካደም። «አቃተኝ» አለ። «ልለው ስል አቃተኝ። ጋሽ ደግፌ፣ ድሮ እኮ እችል ነበር።»

«እኛ የታመንነው ባንተ አፍ ነው» አሉ ጋሽ ደግፌ። «እንደተጻፈው ሊያነብ የማይችል ሰው እንዴት አንባቢ ይሆናል? በል ይኸው መጽሐፉ። አሁን አንብበው።»

ዘርጋው መጽሐፉን ተቀበለ። ገጹን አየ። አፉን ከፈተ፣ ዘጋ። ድጋሚ ከፈተ። ድምፅ አልወጣም።

«ተዉት» አሉ ጋሽ ባይሳ፣ ከጥጋቸው ሆነው። «እኔ ያን ዕለት ገብቶኝ ነበር። ድምፁ ሌላ ሆኖ ነበር። ነገም ይዋሽልን ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

ዘርጋው ተነሳ። ማንም ተነስ ሳይለው፣ ራሱ። መጽሐፉን ከቆዳዎቹ በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ አስቀምጦ፣ ወስፌውን አንስቶ፣ ከሰዎቹ ጋር ተቀመጠ። ከዚያን ቀን በኋላ ወንበሯ ላይ ማንም አልተቀመጠም። ከሰዓት ከሰዓት ሬዲዮ ይከፍቱ ጀመር። ሬዲዮ ደግሞ ማንንም አያስለቅስም።

ዓመታት አለፉ። ስንት? ትርሲት ሦስተኛ ክፍል እስክትደርስ።

ቅዳሜ ቅዳሜ እናቷ ገበያ ስትሄድ አባቷ ጋ ትተዋታለች። አንድ ቅዳሜ የሬዲዮኑ ባትሪ አለቀ። ክፍሏ ዝም አለች። ልጅቷ ግራ ቀኝ አየች፤ መደርደሪያው ላይ አንድ ወፍራም መጽሐፍ አየች። አወረደችው። አቧራውን አራገፈች። ባዶ ቦታ ፈለገችና በሩ አጠገብ ያለችው ወንበር ላይ ቁጭ አለች።

ሰዎቹ ተያዩ። ዘርጋው ሊከለክላት እጁን አነሳ። ጋሽ ደግፌ በዐይናቸው መለሱት።

«ላንብብላችሁ?» አለች።

«እስቲ ጀምሪ» አለ ነስሩ። «ግን ቀስ ብለሽ፤ አከራዩ እስከ ዛሬ ያንን መጽሐፍ ይፈልገኛል።»

አነበበች። በመጀመሪያው ቅዳሜ እየተደናቀፈች፣ በሁለተኛው እየሮጠች፣ በአራተኛው እንደ ሰው። ነጥብ ላይ ታርፋለች። ጥያቄ ላይ ድምጿን ታነሳለች። ማንም አላስተማራትም። ዘርጋው አቀርቅሮ ይሰፋል፤ እየሰፋ ግን ጆሮው ቀልቷል፣ ከኩራት። በአንድ ቅዳሜ አንድ ጫማ ሁለት ጊዜ ሰፍቶ ነስሩ ነው የነገረው።

በሰባተኛው ቅዳሜ ገጽ መቶ ስልሳ ሁለት ላይ ደረሰች።

ካሳዬ አተኮሰው። እናቱ አጠገቡ ተቀመጠች። ስድስት ወስፌዎች ቆሙ። እነሱ ያውቃሉ፤ እሷ አታውቅም። ጋሽ ባይሳ የያዙትን ጫማ አስቀመጡ።

«ትርሲትዬ» አለ ዘርጋው። ድምፁ ቀጭን ሆነ። «ያቺን ገጽ ዝለያት።»

ልጅቷ ቀና አለች። «ለምን?»

«ዝለያት ብቻ። ቀጥሎ ካለው ጀምሪ።»

ትርሲት ገጹን ገለጥ አድርጋ ቀጣዩን አየች። አነበበችው በልቧ። ከዚያ ወደ አባቷ ዞረች።

«ቀጥሎ እናትየው ጥቁር ለብሳለች። ይቺን ከዘለልኳት ለምን እንደለበሰች በምን አውቃለሁ አባዬ?»

ምን ይመልስላት? እናንተ ብትሆኑ ምን ትመልሱ ነበር? እሱ ለዚያ ጥያቄ አንድ አጎት ፈጥሮ ነበር፤ ወፍጮ ቤትም በፈጠራ ምክንያት ሸጦ ነበር። ያቺ አንዲት ገጽ ከወጣች መጽሐፉ ሁሉ መልስ የሌለው እንደሚሆን ከእሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

«በይ» አለ። «አንብቢው።»

አነበበችው። ድምጿን ዝቅ አላደረገችም፣ አልቆመችም፣ ማንንም ለማስለቀስ አላነበበችም። እንደተጻፈው አነበበችው። ካሳዬ ዐይኑን አልገለጠም። በማግስቱ እናቱ ያንን በዱቄት የነጣ ሸሚዙን አጠበችው፤ ነገ የሚለብሰው ይመስል ፀሐይ ላይ አሰጣችው።

ሁሉም ወደ በሩ አየ። ጋሽ ባይሳ ግን አልተነሱም።

«ያቺን ድጋሚ» አሉ። «የሸሚዙን።»

ደገመችላቸው።

«እኔም ሸሚዙን አጥቤዋለሁ» አሉ ጋሽ ባይሳ። «ሰማያዊ ነበር። ደርቆ እስኪጠነክር አላነሳሁትም።»

በዚያች ክፍል ውስጥ ስለ ልጃቸው ሲናገሩ የመጀመሪያቸው ነበር። ቀጥለው ስሙን ተናገሩ። ለታ ይባል ነበር። ነስሩ ተነስቶ ሄዶ አጠገባቸው ተቀመጠ። ሌሎቹም ወንበራቸውን አስጠጉ። ያን ቀን ብዙ ጫማ አልተሰፋም። ስለ ለታ ሲወራ ተዋለ፤ ምን ይወድ እንደነበር፣ እንዴት ይሮጥ እንደነበር። ጋሽ ባይሳ አንድ ጊዜ ሳቁ እንኳ።

ሊለያዩ ሲሉ ልጅቷን ጠሩና በሁለት እጃቸው ፊቷን ያዙት።

«የማን ልጅ ነሽ አንቺ?» አሏት።

ማን እንደሆነች ያውቃሉ እኮ! ከእቅፍ ጀምሮ ያውቋታል። ግን እንዲህ ያለው ጥያቄ ለማወቅ አይጠየቅም። ልጅቷ አባቷን አየች። ዘርጋውም ወስፌውን አስቀመጠ፤ ተነስቶም ቆመ።

«የእኔ ነች» አለ። «የእኔ ልጅ ነች።»

ወገኖቼ፣ አሁን ወደዚያች ወደ መጀመሪያዋ ኩራት እንመለስ። ሰው አስለቅሶ ከክፍል ያስወጣው ዘርጋው ኮርቶ ነበር። ይህኛውም ዘርጋው ኮርቷል። ኩራት ሁለት ነው፤ አንዱ ሰው ሲያስወጣ፣ አንዱ ሰው ሲያስቀምጥ። የእናንተ የትኛው ነው?

ከመካከላችሁ ልጅ ከወለደ ወዲህ የሚያነበው የተለወጠበት አለ። ድሮ የሚያየውን ፊልም ማየት ያቃተው፣ ዜና ሲሰማ ሬዲዮ የሚዘጋ፣ ጓደኞቹ «ምነው ሴት ሆንክ» የሚሉት። ወንድሜ፣ አትፈር! አልደከምክም። ድሮ እንደ ወሬ ታውቀው የነበረውን ዛሬ በመዳፍህ ስላወቅከው ነው። እህቴ፣ መንገድ ላይ የወደቀውን ሰው አይተሽ «እናቱ የት ነች?» ማለት ከጀመርሽ፣ ያ ጥያቄ ክብርሽ ነው። ቀና በይበት።

ግን እዚያ ላይ አትቁሙ። እኛ ወላጆች ገጽ እንዘላለን። ፍቅር ነው የሚያዘልለን፣ አውቃለሁ። ጎረቤታችን ልጇን ቀብራ ስትመጣ ስለ ዝናቡ እናወራላታለን፤ የልጇን ስም እንዘላለን። ልጆቻችን «ለምን?» ሲሉን አጎት እንፈጥራለን። ጋሽ ባይሳን ለዓመታት ብቻቸውን ያስቀመጣቸው ምን ነበር? ክፋት ነበር? አልነበረም። የተዘለለች አንዲት ገጽ ነበረች። እስቲ በዚህ ሳምንት ከተዘለሉት ስሞች አንዱን ጥሩ። ሸሚዙ ምን ዓይነት ነበር ብላችሁ ጠይቁ። ጠይቃችሁም ቁጭ በሉ።

ይህን ለማድረግ ጉልበቱን ከየት እናገኛለን ትሉኝ ይሆናል። በሰማይ አንድ አባት አለ፤ ልጁ የሚሞትበት ገጽ እጁ ላይ ነበረ። እንደ ዘርጋው ቃሉን ለውጦ ሊያልፈው ይችል ነበር፤ ደግሞ የእሱ ቃል ቢለወጥ እውነት ይሆን ነበር እንጂ ውሸት አይሆንም ነበር። አልዘለለውም። ስለ እኛ ብሎ አልዘለለውም። ያ ገጽ ባይኖር የእኛ ታሪክ ምን ትርጉም ይኖረው ነበር? ይቅር መባላችን ከየት መጣ ይባል ነበር? ዛሬ እዚህ የተቀመጥነው ያ ገጽ እንደተጻፈው ስለተነበበ ነው።

ስለዚህ ስትወጡ አቀርቅራችሁ አትውጡ። ጫማ ሰፊ ሁኑ፣ ሻጭ ሁኑ፣ ሥራ ፈላጊ ሁኑ። አንድ ቀን ፊታችሁን በሁለት እጁ ይዞ «የማን ልጅ ነህ? የማን ልጅ ነሽ?» የሚላችሁ ይመጣል። ያኔ እናንተ መልስ ፍለጋ አትጨነቁ። ወደ አባታችሁ ብቻ ዞር በሉ።

እሱ ቀድሞ ተነስቶ ቆሟል።